በአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች ለሚጓዙ እግረኞች፦ ቀላልና ርካሽ ማደሪያ ለማግኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ መቆም ይቻላል። በሰሜን 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሰው እንጦጦ፣ በምዕራብ የመናገሻ ሱባን ደን የተሸከመው ወጨጫ፣ በምሥራቅ 3,100 ሜትር ገደማ የሆነው የረር፣ ራቅ ብሎም በደቡብ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቋላ ሰማዩ በጠራ ቀን ከከተማዋ ከፍታ ቦታዎች ይታያሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛው እግረኛ እነዚህን ተራሮች የሚያውቃቸው ጠዋት ወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠው እየተጣደፈ በመመለስ ነው። አንድ ሌሊት ማደር ጉዞውን ፈጽሞ ይለውጠዋል፤ ከተራራው ሥር ያደረ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መራመድ ጀምሮ ፀሐይ ሳትከር ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ሲወርድም አይቸኩልም። ሰውን ከማደር የሚያግደው ብዙ ጊዜ የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የትና እንዴት እንደሚታደር አለማወቅ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ በመጠነኛ ገቢ ቅዳሜንና እሑድን በተራራ ላይ ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ያሳያል።

ደረጃ 1፦ ከመንገዱ በፊት ማደሪያውን መምረጥ

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚወጣበትን ተራራ ይመርጥና ማደሪያውን እዚያው ሲደርስ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ይህ ቅደም ተከተል አያዋጣም። በተራሮቹ ራስ ላይ ለእግረኛ ተብሎ የተሠራ አነስተኛ ማደሪያ ማግኘት ስለማይጠበቅ፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የደከመ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ ወይ ወደ መንገድ ዳር ከተማ ለመውረድ ይገደዳል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሎጅ በር ላይ ይቆማል። በመንዝ ጓሳ የአካባቢው ኅብረተሰብ የሚያስተዳድረው ማረፊያ አለ፤ በላስታም ገበሬዎች ራሳቸው እንግዳ የሚቀበሉባቸው ጎጆዎች ተሠርተዋል። እንዲህ ያለ ማረፊያ በወጨጫና በየረር ትከሻ ላይ ቢሠራ ለእግረኛውም ለገበሬውም እንደሚበጅ በጽኑ አምናለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ባለው መጠቀም ያስፈልጋል።

ያለውም አራት ዓይነት ነው፦ በተራራው ሥር ባለ ከተማ የሚከራይ አልጋ፣ በፈቃድ የሚተከል ድንኳን፣ ገዳም፣ እና የገጠር ቤት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድር ሰው ከአልጋው እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ሦስቱ ልምድና ቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃሉ።

ለእንጦጦ የምመርጠው ማደሪያ ሱሉልታ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥተው፣ በእንጦጦ ማርያምና በራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት በኩል ሸንተረሩን ተሻግረው፣ በሰሜኑ ተዳፋት ወርደው ሱሉልታ ያድራሉ፤ በማግሥቱ በእግር ይመለሳሉ ወይም ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ይገባሉ። ሸንተረሩ የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች መለያያ ነው፤ በደቡቡ በኩል የሚዘንበው ዝናብ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ፣ በሰሜኑ በኩል የሚዘንበው ደግሞ በሙገር በኩል ወደ አባይ ይወርዳል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር ከሐምሌ እስከ መስከረም ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ጭቃ የሚችል ጫማና ቅያሪ ካልሲ ሳይዝ መነሣት የለበትም።

ለወጨጫና ለመናገሻ ሱባ ሁለት መግቢያዎች አሉ። በደቡብ በኩል የሚሄዱ ከአየር ጤና ተሳፍረው ሰበታ ያድራሉ፤ በሰሜን በኩል የሚሄዱ ደግሞ ከአስኮ በአምቦ መንገድ ተጉዘው መናገሻ ከተማ ወይም ሆለታ ያድራሉ። ሰበታ ሰፊ ከተማ ስለሆነ የአልጋ ምርጫው ይበዛል፣ ዋጋውም በፉክክር ዝቅ ይላል። ለየረር ዱከም ወይም ቢሾፍቱ ይመቻል፤ ከቃሊቲ በሚነሣ መኪና ይደረሳል። ዝቋላ የሚሄድ ሰው ቢሾፍቱ አድሮ፣ በማለዳ ተሳፍሮ በተራራው ሥር ወዳለችው ወምበር ማርያም ከሄደ በኋላ መውጣት ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ ቀኑን መቁረጥ

የአልጋ ዋጋ ከቀን ቀን ይለያያል። በገበያ ቀን ዋዜማ ነጋዴዎች ክፍሎቹን ስለሚይዙ የከተማውን የገበያ ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። ቢሾፍቱ ደግሞ ከመስቀል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ስለሚከበርባት፣ በዚያ ሳምንት መጨረሻ ርካሽ አልጋ አገኛለሁ ብሎ መሄድ ከንቱ ነው። ዝቋላም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ምእመናን ከየአቅጣጫው ይወጡበታል፤ ለንግሥ የሚሄድ ሰው ይህን ይፈልገዋል፣ ጸጥታ ፈልጎ የሚሄድ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

በአገራችን የፀሐይ መግቢያ በክረምትም በበጋም ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ጨለማውም ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማደሪያው ከተማ መድረስን እንደ ግዴታ ይያዙት። ቀን የገባ እንግዳ ሁለት ሦስት ቤት አይቶ ይመርጣል፣ ዋጋም ይከራከራል፤ የመሸበት ግን የተሰጠውን ይቀበላል።

ከመነሣትዎ አንድ ቀን አስቀድመው ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ እዚያ የሚኖር ወይም መስመሩ ላይ የሚሠራ ሰው ይጠይቁ። ሾፌሮችና ረዳቶች የዕለቱን ሁኔታ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። መልሳቸው ካመነታ ጉዞውን ወደ ሌላ ሳምንት ማዛወር አስተዋይነት ነው።

ደረጃ 3፦ አልጋውን ከመክፈል በፊት መፈተሽ

ለርካሽ አልጋ ተጓዥ ከሁሉ የሚበልጠው ችሎታ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሆቴል የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት ሁሉ ማደሪያ እንዳልሆነ ያስታውሱ፤ ብዙዎቹ ምግብና መጠጥ ብቻ ያቀርባሉ። ገብተው «አልጋ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መጸዳጃና ሻወር በውስጡ ያለው ክፍልና በጋራ የሚጠቀሙበት ክፍል የዋጋ ልዩነት ስላላቸው የሁለቱንም ይጠይቁ፤ ለአንድ ሌሊት የጋራው ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ቀጥለውም በትሕትና «ክፍሉን ማየት እችላለሁ?» ይበሉ። ይህን የሚከለክል ቤት ካጋጠመዎ አመስግነው ይውጡ።

ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ መብራቱን አብርተው አንሶላውን ከአልጋው ራስጌ በኩል ይግለጡት። የፍራሹን ጠርዝ በእጅዎ ከፍ አድርገው ስፌቱ የሚገጥምበትን መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ይመልከቱ። ትኋን ቀን ላይ የሚደበቀው በዚህ ስፌት ውስጥ፣ በአልጋው እንጨት ስንጥቅና በራስጌው ጀርባ ነው፤ ራሱ ባይታይ እንኳ እንደ እስክሪብቶ ነጥብ ያሉ ጥቋቁር ምልክቶችና በአንሶላው ላይ የደረቁ ትንንሽ የደም ነጠብጣቦች ይታያሉ። አንድም ምልክት ካዩ ሌላ ክፍል አይጠይቁ፣ ሌላ ቤት ይሂዱ፤ ትኋን በግድግዳ ስንጥቅ በኩል ከክፍል ክፍል ይሻገራልና። ቁንጫ ግን በዓይን አይፈተሽም፤ ወለሉ አፈር ከሆነ ወይም ምንጣፉ አቧራ የጠገበ ከሆነ ሊኖር እንደሚችል ገምተው ቦርሳዎን በወንበር ላይ ወይም በግድግዳ ሚስማር ላይ ይስቀሉ።

ከዚያ ወደ በሩ ይዙሩ። ቁልፉ በደንብ እንደሚዞር ብቻ ሳይሆን ከውስጥ የሚገፋ መቀርቀሪያ እንዳለው ያረጋግጡ፤ የውጭው ቁልፍ ሌላ ቅጂ ሊኖረው ይችላል፣ መቀርቀሪያው ግን በእርስዎ እጅ ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ የሚከፈት ከሆነ መዝጊያውን ይሞክሩት። ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ከቡና ቤቱ ማዶ ጭር ካለው ጥግ ይልቅ ለእንግዳ መቀበያው ወይም ለባለቤቶቹ መኖሪያ የቀረበ ክፍል የተሻለ ነው፤ ሴት አስተናጋጅን ለብቻ አነጋግሮ «የትኛው ክፍል ይሻለኛል?» ብሎ መጠየቅም ብዙ ጊዜ እውነተኛ መልስ ያስገኛል።

ውሃውን ይክፈቱ። ከቧንቧው ካልመጣ «ስንት ሰዓት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ፤ ካልሆነም በጀሪካን ውሃ እንዲቀመጥልዎ ከመክፈልዎ በፊት ይስማሙ። ተራራ ወጥቶ የተመለሰ ሰው እግሩን ሳይታጠብ ማደሩ በማግሥቱ ጉዞ ላይ ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ላብና አቧራ የያዘ እግር በሁለተኛው ቀን ቶሎ ይቆስላልና። በመጨረሻም ሙዚቃው የት እንዳለ ይመልከቱ። ቅዳሜ ማታ የቡና ቤት ድምፅ ማጉያ ከመኝታው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ከሆነ እንቅልፍ አይኖርም፤ በጊቢው ጀርባ በኩል ያለ ክፍል ቢያረጅም ይመረጣል።

ዋጋውን የሚነጋገሩት ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ነው። ሁለት ሌሊት የሚያድሩ ወይም በቡድን የመጡ ከሆነ ቅናሽ መጠየቅ ያገር ወግ ነው። ለአንድ ሌሊት፣ ለአንድ ሰው ግን ባለቤቷን በጥቂት ብር አጥብቆ ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም። ሲመዘገቡ መታወቂያ ስለሚጠየቁ የቀበሌም ይሁን የፋይዳ መታወቂያዎን ይያዙ፤ ያለ መታወቂያ የሚቀበል ቤት ካገኙ ራሱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቤት ነው። የከፈሉበትን ደረሰኝም ይቀበሉ።

ደረጃ 4፦ ለብርዱ መዘጋጀት

በከፍታ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደምትወርድ ለሚያውቅ ሰው፣ በወጨጫ ከፍታ ላይ ንጋት ሲቃረብ ውርጭ መኖሩ አያስገርመውም። የርካሽ አልጋ ቤት ብርድ ልብስ ብዙ ጊዜ አንድና ስስ ነው።

መፍትሔው ጋቢ ነው። ብዙ ተጓዦች ለአንድ ሌሊት ሲሉ ውድ የመኝታ ከረጢት ይገዛሉ፤ ከድንኳን ውጭ ለማያድር ሰው ግን ቤት ያለው ጋቢ ይበቃዋል። ጋቢውን ከብርድ ልብሱ በታች፣ በሰውነትዎ በኩል ያድርጉት፤ ሙቀት ከመያዙም በላይ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት ከማይታወቅ ብርድ ልብስ ይለይዎታል። ከዚህ ጋር የራስዎን አንሶላ ይያዙ፤ አንድ ትልቅ አንሶላ ለሁለት ታጥፎ በታችና በአንድ ጎኑ ቢሰፋ ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት ይሆናል፣ ሲታጠፍም ከአንድ ኪሎ ዳቦ ያነሰ ቦታ ይይዛል።

አሁን የምጽፈውን አንባቢ በጥብቅ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ክፍሉ ቢቀዘቅዝ፣ ባለቤቶቹም በቅንነት የከሰል ምድጃ ቢያቀርቡልዎ፣ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብተው አይተኙ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን እንኳ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። ከሰሉ ጢሱ አልቆ ፍም መሆኑ መርዙን አያጠፋውም። በድንኳን ውስጥማ ፈጽሞ አይታሰብም። ምድጃውን ውጭ ሞቀው ይግቡ፤ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው ከእግርዎ ሥር ቢያደርጉ ሌሊቱን ይረዳዎታል።

ደረጃ 5፦ ድንኳን በደን ውስጥ

የመናገሻ ሱባ ደን ከአገሪቱ ጥንታዊ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጽድ ችግኝ እንደተተከለበት ይነገራል። ዛሬ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ያስተዳድረዋል። ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ ገብቶ ድንኳን አይተክልም፤ በመግቢያው ላይ ክፍያ ተከፍሎ፣ ማደር መፈለግዎ ተነግሮ፣ የት እንደሚፈቀድ ተጠይቆ ነው። በጊቢው የሚታደርበት ክፍል ስለመኖሩም በዚያው ይጠይቁ። ጠባቂ ከተመደበልዎ ወይም አስጎብኚ ከቀጠሩ ዋጋውን መጀመሪያ ይነጋገሩ፣ እራቱንም ከእርስዎ ጋር እንዲበላ አስበው ስንቅ ይያዙ።

ቦታ ሲመርጡ ወደ ላይ ይመልከቱ። ያረጁ ጽዶች ግርማቸው ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን የደረቀ ቅርንጫፋቸው ነፋስ በተነሣ ጊዜ ስለሚወድቅ ከሥራቸው አይተከልም። ውሃ የሚወርድበት ቦይም፣ ደረቅ ቢሆን እንኳ፣ አይሆንም። ትንሽ ተዳፋት ያለው፣ ከነፋስ የተከለለና ከመንገድ የማይታይ ሜዳ ይመረጣል። ከድንኳኑ ሥር ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ፤ ላስቲኩ ከድንኳኑ ወለል ወጣ ካለ ዝናቡን ወደ ሥርዎ ስለሚሰበስበው ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፉት።

እሳት በደኑ ውስጥ አያንድዱ። ጽድ ሙጫና ዘይት ያለው ዛፍ ስለሆነ በበጋ አንድ ፍንጣሪ ለዘመናት የቆየውን ሊያጠፋ ይችላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ያለ እሳት የሚበሉ፣ ቀላልና የሚያጠግቡ ስንቆች ናቸው። የምግብ ትራፊ ሌሊት ጅብ ስለሚጠራ ስንቁን በሚዘጋ ዕቃ ይያዙ፣ ትራፊውንም በላስቲክ አስረው ይመልሱ። ቀን ላይ ደግሞ ጦጣ የተከፈተ ቦርሳ አይምርም።

ደረጃ 6፦ ገዳም

በዝቋላ ራስ ላይ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ባለው ሐይቅ አጠገብ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። ወደ ገዳም የሚሄድ ሰው ማደሪያ ለመከራየት አይደለም የሚሄደው፤ እንግዳ ነው። ማደር የሚፈቀድልዎ ከሆነ ያገኙትን ቦታ በምስጋና ይቀበሉ፤ መደብ ላይ ወይም ወለል ላይ የሚነጠፍ ነገር ሊሆን ስለሚችል ጋቢዎንና ፍራሽ መሰል ንጣፍዎን ይዘው ይሂዱ። የሚያነጋግሯቸውን መነኩሴ «አባ» ብለው ይጥሩ፣ ሴቷን «እማሆይ»፤ ማደር የሚችሉት የት እንደሆነ፣ የማይገባበት የት እንደሆነ ይጠይቁ። አለባበስ የተሸፈነ ይሁን፤ ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ቢይዙ መልካም ነው። ጾም ከሆነ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በስንቅዎ ውስጥ አይኑር። ሐይቁ በምእመናን ዘንድ የተቀደሰ ስለሆነ አይዋኝበትም፣ ዕቃም አይታጠብበትም። ዋጋ አይጠየቁም ይሆናል፤ ያም ቢሆን በሌላ ቦታ ለአልጋ ሊያወጡ የነበረውን ያህል በሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ሻማ፣ ጧፍና ዕጣን ይዞ መሄድ ይገባል።

ደረጃ 7፦ የገጠር ቤት

አንዳንዴ ዕቅድ ይፈርሳል፤ ዝናብ ይይዛል፣ እግር ይዞራል፣ ይመሻል። «ቤት ለእንግዳ» ዛሬም በተራራው ሥር ባሉ ቀበሌዎች የሚሠራ ቃል ነው። ይሁን እንጂ አስቦበት በየሳምንቱ በነፃ ለማደር የሚመጣ የከተማ ሰው የድሃን ቤት ያራቁታል።

በአካባቢው አፋን ኦሮሞ ይነገራል። «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን፣ አባወራውን «ኦቦ»፣ እማወራዋን «አዴ» ብሎ መጥራት በሩን ይከፍታል። ውሾች ስለሚኖሩ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጣሩ፤ ሰው ሳይወጣ አይግቡ። ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ይንገሩ፣ መታወቂያዎን ሳይጠየቁ ያሳዩ፤ ባለቤቶቹ ለጎረቤት ወይም ለቀበሌ ሊቀመንበር ማሳወቅ ከፈለጉ ቅር አይበልዎ፣ ለእርስዎም ለእነርሱም ደህንነት ነው። ጠዋት ሲሰናበቱ ገንዘቡን ለአባወራው በሰው ፊት ከመስጠት ይልቅ ለእማወራዋ «ለልጆቹ» ብለው በእጇ ማስያዝ ክብርን ይጠብቃል። ቡና፣ ስኳር ወይም ሳሙና ከከተማ ይዞ የመጣ ሰውም አያፍርም።

ደረጃ 8፦ ውሃና መልስ

ከተራራ ምንጭ የሚቀዳ ውሃ የቱንም ያህል ቢጠራ ከላይ ከብት ስለሚውልበት ሳይታከም አይጠጣም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ማፍላት ካልተቻለ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይጠቀሙ። ለአንድ የእግር ቀን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ይያዙ።

ከአልጋ ቤት በማለዳ የሚወጡ ከሆነ ሒሳብዎን ማታውኑ ይጨርሱ፤ መታወቂያዎ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ተቀምጦ ከሆነም ከመተኛትዎ በፊት ያስመልሱት፣ ምክንያቱም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁልፍ የያዘው ሰው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። የጊቢውን በር የሚከፍተው ዘበኛ የት እንደሚተኛም ይጠይቁ። ቤትዎ ሲደርሱ ቦርሳውን መኝታ ክፍል አያስገቡት፤ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ አራግፈው፣ አንሶላውንና የለበሱትን ልብስ በሙቅ ውሃ ያጥቡ፣ ጋቢውን ገልብጠው ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ የቦርሳውንም ስፌት እንደ ፍራሹ ጠርዝ ከጥግ እስከ ጥግ ይመልከቱት።